ማጥበቅ ቦታ አያስይዝም፦ ለቤት ወርክሾፕ ቀላል ጂግ ስለ መሥራት

ጂግ ማለት ዕቃውን በልኩ ቦታ አስይዞ መሰርሰሪያውን የሚመራ መያዣ ነው። የተላከው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «በቤቴ ትንሽ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) እና የጠረጴዛ መሰርሰሪያ ማሽን አለኝ። ዲያሜትራቸው 20፣ ርዝመታቸው 60 ሚሊ ሜትር የሆኑ 40 ፒኖች አሉ፤ ከለስላሳ ብረት የተሠሩ ናቸው። ከአንዱ ጫፍ 12 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ መሃላቸውን የሚያቋርጥ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ማውጣት አለብኝ። መሃሉን ለክቼ በነጥብ መምቻ ምልክት አድርጌ፣ በሞርሳ (በሁለት መንጋጋ በሚያጠብቅ ማሰሪያ) አስሬ ስሰረስር ቀዳዳው አንዳንዴ እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሸሻል። ሞርሳውን ይበልጥ ባጠበቅሁ ቁጥር ፒኑ ይጠባሰራል እንጂ ለውጥ የለም። ለማንኛውም መጠን የሚስተካከል፣ ከወፍራም ብረት የተበየደ ጂግ ልሠራ አስቤያለሁ። ወለሉ የጠነከረና በመፍጫ የተስተካከለ ብረት መሆን አለበት? ከፒኖቹ በኋላ ሦስት ሦስት ቀዳዳ ያላቸው ጠፍጣፋ ቁራጮችም ይጠብቁኛል።»

የተበየደውን ሁሉን ቻይ ጂግ ይተዉት። ምክንያቱን ከመዘርዘሬ በፊት ግን ጥያቄው የተመሠረተበት ሐሳብ መታረም አለበት፤ ይህ ካልታረመ ጂጉ ምንም ያህል ቢከብድ ቀዳዳው መሸሹን አያቆምም። ዕቃን ማጥበቅና ዕቃን ቦታ ማስያዝ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ቦታ የሚያስይዙት ዕቃው የሚያርፍባቸው የማይንቀሳቀሱ ነጥቦች ናቸው። ማጥበቂያው ዕቃውን ከእነዚያ ነጥቦች ጋር አገናኝቶ ከማቆየት ያለፈ ድርሻ የለውም። ዕቃውን ከገፋ፣ ካነሣ ወይም ካጣመመ ከድርሻው አልፏል። እርስዎ የጎደለዎት ማረፊያ ነጥብ ሆኖ ሳለ የጨመሩት ኃይል ነው።

ግማሽ ሚሊ ሜትሩ ከየት እንደመጣ እንመልከት። ፒኑ በሞርሳ ሲያዝ አንዱ ጎኑ የማይንቀሳቀሰውን መንጋጋ ስለሚነካ፣ የዲያሜትር ልዩነት ካለ ግማሹ ወደ መሃሉ ይተላለፋል። ፒኖቹ እርስ በርሳቸው በ0.1 ሚሊ ሜትር ቢለያዩ መሃላቸው የሚፈናቀለው በ0.05 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ጥፋተኛ ይህ አይደለም። ጥፋተኛው ፑንታው፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ገብቶ ብረቱን የሚበሳው ዘንግ ነው። የፑንታ ጫፍ ሹል ይምሰል እንጂ ሁለቱ የመቁረጫ ከንፈሮች የሚገናኙበት አጭር መስመር ነው፤ ይህ መስመር ብረቱን እየጫነ ይፍቀዋል እንጂ በወጉ አይቆርጠውም። ጠፍጣፋ ነገር ላይ እንኳ መጀመሪያ ትንሽ ይንከራተታል፤ ክብ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ወደ ቁልቁለቱ ያመራል። ረዘም ያለ 6 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይህን የጎን ግፊት ለመቋቋም ቀጭን ነው። ይጎብጣል፤ ጎብጦ በጀመረበት አቅጣጫም ይወርዳል። በዚህ ላይ የነጥቡ ቦታ በዓይን የተወሰነ፣ ሞርሳው ከጠረጴዛው ጋር ያልታሰረ፣ ተንቀሳቃሹ መንጋጋም ሲጠብቅ ቀና የሚል ከሆነ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አያስገርምም።

ማንኛውም ጠጣር ነገር 6 የመንቀሳቀስ ነጻነቶች አሉት፦ በ3 አቅጣጫዎች ይንሸራተታል፣ በ3 ዘንጎች ዙሪያ ይዞራል። የጂግ ሠሪው ሥራ ከእነዚህ ውስጥ መከልከል ያለባቸውን ለይቶ እነሱን ብቻ መከልከል ነው። ፒንዎ የቪ ቅርጽ ባለው ቦይ ውስጥ ሲተኛ 4ቱ ይወሰዳሉ። ጫፉን የሚያቆም አንድ መቆሚያ 5ኛውን ይወስዳል። የሚቀረው ፒኑ በራሱ ዘንግ መሽከርከሩ ነው፤ ቀድሞ የወጣ ሌላ ቀዳዳ ስለሌለው ይህ ነጻነት ቢተው የሚጎዳ ነገር የለም። የሚጎዳው «ለጥንቃቄ» ተብሎ የሚጨመር 6ኛ ወይም 7ኛ መደገፊያ ነው። ሁለት መደገፊያዎች ለአንድ ሥራ ከተመደቡ ዕቃው አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን ይነካል፤ የትኛውን እንደሚነካ የሚወስነውም የማጥበቂያው ግፊት ይሆናል። ያኔ ከሞርሳው ችግር አልወጡም።

የቪው አቀማመጥ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። በ90 ዲግሪ ቪ ውስጥ የተኛ ክብ ዕቃ ዲያሜትሩ ሲጨምር መሃሉ ከቪው ግርጌ ይርቃል፤ የሚርቀውም የዲያሜትሩን ልዩነት በ0.707 ሲያባዙ በሚያገኙት መጠን ነው። ዲያሜትሩ በ0.2 ሚሊ ሜትር ቢለያይ መሃሉ 0.14 ይንቀሳቀሳል። ቪውን በጎኑ ካስተኙት ይህ ልዩነት በቀጥታ የቀዳዳው ስህተት ይሆናል፤ ውጤቱም ከተራ ሞርሳ የባሰ ነው። የቪው አፍ ወደ ላይ ሆኖ ፑንታው ቪውን እኩል በሚከፍለው መስመር ላይ ሲወርድ ግን የፒኑ መሃል የሚንቀሳቀሰው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ የፑንታው መንገድ ስለሆነ ቀዳዳው ከመሃል አይወጣም። ስለዚህ ለእርስዎ ሥራ የሚሆነው ጂግ አፉ ወደ ላይ የተከፈተ ቪ፣ ከበላዩ የተሻገረ የፑንታ መሪ ቡሽንግ (ፑንታው በውስጡ የሚያልፍበት የብረት ቀለበት) የያዘ ሰሌዳ፣ አንድ መቆሚያና አንድ ማጥበቂያ ያለው ነው። ይህንኑ ይሥሩ፤ ሌላ ነገር አይጨምሩበት።

ቪውን ከባዶ ለመሥራት አይድከሙ፤ ፍሬዛ ማሽን (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚፍቅ ማሽን) ሳይኖር ቀጥ ያለና እኩል የተከፈለ ቪ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቪ ብሎክ ይግዙ። ማዕዘን ብረት አይተካውም፤ የውስጥ ጥጉ ክብ ነው፣ ማዕዘኑም በትክክል 90 ዲግሪ ለመሆኑ ዋስትና የለም። ብሎኩን ሲገዙ በማይታይ ጥጉ ላይ ሞረድ ያሳርፉበት። ሞረዱ ከያዘው ይበሳል፤ ከተንሸራተተበት የጠነከረ ብረት ስለሆነ ፑንታዎን ያቃጥላሉ። ብሎኩ መበሳት ያለበት ፑንታው ፒኑን አልፎ የሚወጣበት ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መውጫ ስለሚያስፈልግ ነው። ያለ መውጫ ከፒኑ ሥር የሚወጣው ሹል ጠርዝ ቪው ውስጥ ይጣበቅና ፒኑን ማውጣት ትግል ይሆናል።

ወለሉ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ ብረት ይሁን። የጠነከረና በመፍጫ የተስተካከለ ሰሌዳ ለ40 ፒን ገንዘብ ማባከን ነው። ልብ ሊሉት የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ በቀዝቃዛው የተሳበ ብረት በውስጡ የታመቀ ውጥረት ስላለው ከአንድ ጎኑ ብቻ ሲፋቅ ይጎብጣል። እንዲህ ያለ ብረት ካለዎት ፊቱን ሳይነኩ እንዳለ ይጠቀሙበት፤ ካልሆነ በሙቅ የተዳመጠውን ይምረጡ። ብየዳም የሚቀርበት ምክንያት ተመሳሳይ ነው። የብየዳ ሙቀት ሲቀዘቅዝ ብረቱን ይስባል፤ ከዚያ በኋላ መልሶ የሚያስተካክሉበት ፍሬዛ የለዎትም። ክፍሎቹን በብሎን ያያይዙ፣ ቦታቸውን ደግሞ በሁለት የልክ ፒኖች (በቀዳዳቸው ውስጥ ያለ ክፍተት በሚገቡ ፒኖች) ያስይዙ። ብሎን በሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ስለሚያልፍ ያጠብቃል እንጂ ቦታ አይጠብቅም፤ የመጀመሪያው ሕግ እዚህም ይሠራል።

ከወለሉ ሥር የሚገቡት እግሮች 4 ይሁኑ። ሦስት እግር ስለማይወላገድ የተሻለ ይመስላል፤ ጉልቻም ሦስት የሆነው ለዚህ ነው። ለጂግ ግን ጉዳቱ ያው አለመወላገዱ ነው። ከአንዱ እግር ሥር የብረት ፍቅፋቂ ቢገባ ባለ ሦስት እግሩ ዘንበል ብሎ ዝም ይላል፤ ባለ አራት እግሩ ግን ይንገጫገጭና ያሳውቅዎታል።

አሁን ጂጉ የሚበላሽበት ወይም የሚሳካበት ደረጃ ላይ ደርሰናል፦ የቡሽንጉን ቀዳዳ በቪው መሃል መስመር ላይ ማሳረፍ። መለኪያ ይዘው መሃሉን አይፈልጉ። በቶርኖዎ ላይ ረዘም ያለ ዘንግ አስረው ጫፉን የ90 ዲግሪ ሾጣጣ አድርገው ይቁረጡት፤ የቪው ግርጌ እንዳይነካው ሹሉን በጥቂቱ ቆርጠው ያንሡለት። ዘንጉን በመሰርሰሪያ ማሽኑ ቻክ (ፑንታ መያዣ) ውስጥ ይሰሩት፤ ማሽኑን ሳያስነሡ ቪው ውስጥ ቀስ ብለው ያውርዱት። በሁለቱም ግድግዳዎች ላይ ስስ ወረቀት ያድርጉ፤ ሁለቱም ወረቀቶች እኩል እስኪያዙ ድረስ ወለሉን ያንቀሳቅሱ። ከዚያ ቻኩን በእጅ 180 ዲግሪ አዙረው እንደገና ይሞክሩ። አሁን አንዱ ወረቀት ከላላ ዘንጉ ከቻኩ ዘንግ ውጪ ታስሯል፤ የሁለቱን ንባቦች መካከለኛ ይያዙ። ወለሉን ከጠረጴዛው ጋር በሁለት ማጥበቂያ ካሰሩ በኋላ ወረቀቱን አንድ ጊዜ ደግመው ይፈትሹ፤ ማጥበቁ አፈናቅሎት ከሆነ እዚህ ይያዛል።

ከዚህ በኋላ እስኪጨርሱ የጠረጴዛውን ከፍታ አይንኩ። ክብ ምሰሶ ያለው መሰርሰሪያ ጠረጴዛው ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ወደ ጎን ይዞራል፤ የደከሙበት መሃልም አብሮ ይጠፋል። ሾጣጣው ረዘም ይበል ያልኩት ለዚህ ነው። ሾጣጣውን አንሥተው 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን የቡሽንግ ሰሌዳ በሁለቱ ምሰሶዎቹ ላይ ያስቀምጡና በብሎን ያጥብቁ። በአጭርና ጠንካራ የመሃል ፑንታ ይጀምሩ፣ በ9.7 ይሰርስሩ፣ በ10 ሚሊ ሜትር ሪመር (ቀዳዳን በትክክለኛ ልኩ በሚያስተካክል መቁረጫ) ይጨርሱ። የሰሌዳው የልክ ፒኖች ቀዳዳ የሚወጣው ከዚህ በኋላ፣ ብሎኖቹ ሳይላሉ ነው።

ቡሽንጉ የውጭ ዲያሜትሩ 10፣ የውስጡ 6፣ ርዝመቱ 12 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ የመሪ ርዝመት ከፑንታው ዲያሜትር ከ1.5 እስከ 2 እጥፍ ሲሆን ፑንታውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ሲልቨር ስቲል ከሚባለው ባለ ካርቦን ብረት ቶርኖ ላይ ይቁረጡት፤ የላይኛውን አፍ ፑንታው በቀላሉ እንዲገባ ክብ ያድርጉት። ለ40 ፒን ማጠንከር አያስፈልገውም። ሥራው ወደ ብዙ መቶዎች ከሄደ ግን እስከ 780 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ አግለው ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ ቀጥሎም ፈዛዛ የገለባ ቀለም እስኪይዝ መልሰው በትንሹ ያሙቁት። በቡሽንጉ ሥርና በፒኑ ጀርባ መካከል የሚቀረው ክፍተት የፍቅፋቂ መውጫ ነው። ለጠፍጣፋ የብረት ዕቃ የፑንታውን ዲያሜትር ከግማሽ እስከ ሙሉ ያህል ይተዋል። ለክብ ዕቃ ግን ዝቅተኛውን ይያዙ፤ ለእርስዎ 3 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ ከሰፋ ፑንታው ከመሪው ወጥቶ እንደገና ወደ ቁልቁለቱ የሚንሸራተትበት ዕድል ያገኛል።

መቆሚያው ብሎንና ዳዶ ቢሆን ይበቃል፤ አስተካክለው በዳዶው ይቆልፉታል። መንካት ያለበት ግን 12 ሚሊ ሜትሩ የሚለካበትን ጫፍ ነው። በተቃራኒው ጫፍ ካስቀመጡት የፒኑ ርዝመት ልዩነት በሙሉ ቀዳዳው ላይ ይቆጠራል። የመቆሚያው ጫፍ ጠባብ ይሁን፤ ሰፊ ፊት ፍቅፋቂ ይሰበስባል።

ማጥበቂያው ኤም 8 (ዲያሜትሩ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ) ብሎን፣ ጫፉ ላይ የናስ ቁራጭ፣ ራሱ ላይ በእጅ የሚዞር እጀታ ይሁን። ፒኑን ቀጥ ብሎ ወደ ቪው ግርጌ ይጫን እንጂ ከጎን አይግፋው። ይህን ብሎን በቡሽንጉ ሰሌዳ ውስጥ እንዳያሳልፉት፤ ሲጠብቅ ሰሌዳውን ወደ ላይ ያጎብጠዋል፣ ቡሽንጉም አብሮ ያዘነብላል። ለብቻው የተሻገረ ሌላ ድልድይ ይሥሩለት። የእጅ ኃይል ይበቃል፤ የፑንታው ግፊት ራሱ ፒኑን ወደ ቪው ስለሚጫን ማጥበቂያው የሚቋቋመው የመዞር ኃይሉንና ፑንታው ሊወጣ ሲል ፒኑን የሚስብበትን ቅጽበት ብቻ ነው። ጥንካሬው 8.8 የሆነ ኤም 10 ብሎን በ45 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ ከ2 ቶን በላይ ኃይል ይፈጥራል። በመፍቻ ሲታገሉ ፒኖችዎ መጠባሰራቸው አይድነቅዎት።

የመጀመሪያውን ፒን ከሰረሰሩ በኋላ 39ኙን ከመንካትዎ በፊት ጂጉን ይፈትኑ። ፒኑን አውጥተው ሹል ጠርዙን ያጽዱ፣ በራሱ ዘንግ 180 ዲግሪ ገልብጠው መልሰው ያስገቡት። በቡሽንጉና በቀዳዳው ውስጥ ያለ ጨዋታ የሚያልፍ ቀጥ ያለ ዘንግ ከላይ ይልቀቁበት። ሳይገፋ እስከ ታች ከወረደ ቀዳዳው መሃል ላይ ነው። ከተያዘ ከመሃል ወጥቷል፤ መገልበጡ ስህተቱን እጥፍ አድርጎ ስለሚያሳይ በካሊፐር የማይታየው እንኳ እዚህ ይጋለጣል። መፍትሔው ሰሌዳውን በስስ ላሜራ መግፋት ሳይሆን በሾጣጣው እንደገና ማስተካከል ነው።

ሲሠሩ መጀመሪያ ማሽኑ ቆሞ ፑንታውን በቡሽንጉ ውስጥ ያውርዱ፣ ጂጉ ራሱ ቦታውን ሲያገኝ ከጠረጴዛው ጋር ይሰሩት። ይህ ካልተደረገ ፑንታው ቡሽንጉን ከአንድ ጎን እየፋቀ ሁለቱም ይበላሻሉ። ለለስላሳ ብረትና ለ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ በደቂቃ 1300 ዙር አካባቢ ጥሩ ነው፤ ዘይት ይጨምሩ፣ ፑንታውን እየመለሱ ፍቅፋቂውን ያውጡ፣ ሊያልፍ ሲል ግፊቱን ይቀንሱ። ጂጉን በእጅ ይዞ መሰርሰር አይሞከር። ረጅሙን ጎኑን ወደ ግራ አድርገው ከማሽኑ ምሰሶ ግራ ጎን ቢያስደግፉት፣ ማሰሪያው ቢላላ እንኳ ምሰሶው ያቆመዋል እንጂ ወደ እጅዎ አይዞርም። ጓንት አያድርጉ፤ ፍቅፋቂውን በብሩሽ ይጥረጉ፤ መነጽር ግድ ነው።

ስለ ፒኖቹ መጠባሰር ከጂጉ ውጪም አንድ ነገር ይጠቅማል። ጫፋቸውን ቶርኖ ላይ ሲያስተካክሉ በቻኩ መንጋጋዎችና በፒኑ መካከል የሚገባ የአሉሚኒየም ቀለበት ይሥሩ። ውስጡን በ20 ሚሊ ሜትር ቦርቡረው ከአንድ ጎኑ በመጋዝ ይሰንጥቁት። ሲጠብቅ ዙሪያውን እኩል ያቅፋል፣ ምልክት አይተውም።

ለጠፍጣፋዎቹ ቁራጮች ጂጉ ሌላ ነው፤ ሁለቱን በአንድ መሣሪያ ለማድረግ መሞከር ነው ሁሉን ቻዩን ጂግ የሚወልደው። የሚስተካከል ነገር በበዛ ቁጥር ሊላላ የሚችል ነገር ይበዛል፤ አንዱን ለሌላው ሥራ ባስተካከሉ ጊዜም የመጀመሪያው ልክ ይጠፋል። ለጠፍጣፋ ቁራጭ 3፣ 2፣ 1 የሚባለውን አቀማመጥ ይከተሉ፦ ከሥሩ 3 ማረፊያዎች፣ በረጅሙ ጎን 2 ፒኖች፣ በአጭሩ ጎን 1 ፒን። ማጥበቂያው ከማረፊያዎቹ አናት ላይ ይረፍ፤ በሁለት ማረፊያዎች መካከል ክፍት ቦታ ላይ ከተጫነ ቁራጩ ይጎብጥና ሲፈታ ቀዳዳው ዘንብሎ ይገኛል። ቁራጩ ተገልብጦም የሚገባ ከሆነ በተሳሳተው አቅጣጫ እንዳይገባ የሚከለክል አንድ ትርፍ ፒን ይትከሉ፤ ይህ ፒን በትክክለኛው አቅጣጫ የገባውን ቁራጭ ፈጽሞ መንካት የለበትም። ቁራጩን የሚጫነው ዘንግ በብሎን የሚጠብቅ ከሆነ ብሎኑን ወደ ቁራጩ ያቅርቡ፤ ብሎኑ መሃል ላይ ከሆነ ከኃይሉ ቁራጩ ላይ የሚደርሰው ግማሹ ነው። የዘንጉ ኋላ ደግሞ ከፊቱ በጥቂቱ ከፍ ይበል። በጠረጴዛው ቦይ ውስጥ የሚገባው ዳዶ በኩል ብሎኑ አልፎ የቦዩን ወለል እንዳይነካም ይጠንቀቁ፤ ከነካ ዳዶውን ሽቅብ እየገፋ የቦዩን ከንፈር ይሰብራል፣ ያ ደግሞ አይጠገንም።

የዚህ ዓይነት ጂግ ገደብም አለው። የጂጉ ስህተት ከሥራው ከሚፈቀደው ስህተት ሲሶ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ቀዳዳው ከመሃል 0.1 ሚሊ ሜትር መሸሽ ከተፈቀደለት ጂጉ በ0.03 ውስጥ መሆን አለበት። በሾጣጣውና በወረቀቱ እዚያ መድረስ ይቻላል። ሥዕሉ የሚፈቅደው 0.02 ከሆነ ግን የጠረጴዛ መሰርሰሪያና መሪ ቡሽንግ አይበቁም፤ ፍሬዛ ላይ በቦሪንግ መሣሪያ (ቀዳዳን ከውስጥ በሚቦረቡር መቁረጫ) የሚጨርስ ሰው ጋር ይውሰዱት። ፒኖቹ 4 ወይም 5 ቢሆኑ ኖሮም ይህን ሁሉ አልመክርዎትም ነበር፤ በተገዛው ቪ ብሎክ ላይ አስተኝተው፣ በሾጣጣው መሃሉን አግኝተው፣ በአጭር የመሃል ፑንታ ጀምረው በዚያው መጨረስ ይበቃል። ለ40 ግን ጂጉን ይሥሩ፤ ከቪ ብሎኩም ይጀምሩ።